አሥራ አንድ ዙር

የአዛናው ቶርኖ ቤት ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣
ከጎማ ጠጋኙ በቆርቆሮ ተከልሎ፣
ማለዳ ይከፈታል፤ መብራት አይታመንም፤
ከአራት ሰዓት በኋላ ቢመጡ አይሆንም።

በጋዜጣ ጠቅልዬ ሁለቱን እንጨት ይዤ፣
አንዱ የጭልጋ ወይራ፣ ለእጀታ ያስጠረብኩት፣
አንዱ ከከረንቡላ ቤት፣ ሲዘጋ የገዛሁት፣
«ለፑል ስቴካ ነው» ብዬ
አስቀመጥኩ ከፊቱ፣ ከብረት ፍቅፋቂው ላይ።
«በምን ይጋጠም?» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያይ።

«ብረት አለ፤ ናስ አለ፤ የበሬ ቀንድ አለ፤
ወይ እንጨት ከእንጨቱ ይናከስ ከተባለ
እሱንም እችላለሁ። ክረምት ግን ያብጣል፤
ሐምሌ ላይ የገጠመ መስከረም ይወጣል።»

ቀንዱን ወዲያው ተውኩት። ቀንድ ለዋንጫ ያምራል፤
አንድ ቀን ሲወድቅ ግን ይሰነጣጠራል።
ብረት ልል ነበረ። ግን እኔ ብረት አውቃለሁ፤
ከክርኔ በታች ሁለት ብሎን ይዣለሁ፣
የአዘዞው መንገድ ላይ ባጃጅ የጣለኝ ለት
ሐኪም እንደ መካኒክ ያሰራቸው ካጥንት።
ደህና ናቸው፣ ይሠራሉ፤ ጎሃ ላይ ደመና ሲከብድ
ከራዲዮኑ ቀድሞ ይነግረኛል ብርድ።
ለአንድ ሰው ይሄን ያህል ወሬ ይበቃዋል።

ከጎረቤቱ ደጅ፣ ከሸራው ጥላ ሥር፣
የፑል ጠረጴዛ አለ፣ ጨርቁ የተጣፈ በክር።
ሁለት ስቴካ ሰጠኝ፤ «ጨፍን» አለ፣ «ምታ፤
ድምፁ ይነግርሃል፤ ብቻ በእርጋታ።»
መታሁ። ደግሜ መታሁ። ብረቱ የቱ እንደሆን፣
ናሱ የቱ እንደሆን፣ እግዜር ምስክሬ ይሁን፣
አልለየሁትም!
ሃያ ዓመት ሙሉ «እጄ ይሰማል» ስል የኖርኩ፣
በድምፁ እየማልኩ ሰው ስንቴ ያሟገትኩ።
የቶርኖው ተላላኪ፣ ማንደፍሮ የሚሉት ልጅ፣
አፉን በዘይት ጨርቅ ይዞ ሳቀ ከደጅ።

«ዓይነቱን ተወው» አለ አዛናው ሳይስቅ፤
«ጥርሱን ነው የምትመርጠው፣ ሻካራ ወይ ደቃቅ።
ሻካራው ሦስት ዙር ነው፤ ቀጭ ብሎ ያልቃል፤
የዛሬ ልጅ ሁሉ እሱን ብቻ ያውቃል።
ደቃቁ አሥራ አንድ ነው፤ ሰው እስኪሰለቸው
እየቆጠረ ነው የሚያገናኛቸው።»

አሥራ አንድ። ዝም አልኩ። መጣብኝ አንድ ማታ፣
ፒያሳ፣ ከፎቁ ሥር፣ ጢስ የሞላው ቦታ፣
ስምንቷ ጥቁር ኳስ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆማ፣
ሁለት ሺ ብር ተይዞ፣ ቤቱ ሁሉ ሊሰማ።
ጥቁሯ ገባች። ነጯም ተከትላት ገባች።
ከኋላ አንዲት ሳቅ ተፈናጥራ መጣች።
የቤቱን ስቴካ ጣልኩ፤ ወጣሁ በሩን ሳልዘጋ፤
የውባንተ ቀኝ እጅ ቀረ እንደተዘረጋ።
ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰላም እንባባላለን፣
በሩቅ ነው ግን፣ በጣት፤ ያቺን እጅ እናውቃለን።

«ደቃቁን ቁረጥልኝ» አልኩት፣ «በናስ አድርገው።»
ስገጥመው አይደለም ያሰብኩት፤ ስፈታው ነው።
የተሸነፈ ሰው አሥራ አንድ ዙር ሲፈታ
መቼስ መቆሙ አይቀር ከዚያው ከቆመበት ቦታ፤
ምናልባት አንዱ መጥቶ እጁን ቢዘረጋለት
ስምንተኛው ዙር ላይ ይደርስበታል፣ ሳይወጣበት።
ይሄን ለአዛናው አልነገርኩትም።

«ናሱ የቧንቧ ቫልቭ ነው» አለኝ፣ «ከኛው ሠፈር፤
በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ውሃ ሲያሳልፍ የነበር።
መጠበቅ ያውቅበታል።»

ሦስት መቶ ብር ቀብድ ከመፍቻው ሥር ሳኖር
መብራቱ ድርግም አለ። ቶርኖው ግን ሲዞር
ቀጠለ ለብቻው፣ እያቃሰተ፣ በጨለማ።
ስንቴ እንደሚዞር ልቆጥር ስል፣ ሰባት ላይ
«ማክሰኞ ና» አለኝ፣ ቀብዱን ቆጥሮ ሳያይ።